ከግሬዱ ይልቅ የተማሪው ወረቀት ይነበብ

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ለሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች የአካዳሚክ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤቶች፣ ለሴኔት አባላትና ለጋራ ኮርስ አስተባባሪዎች

ግልባጭ፦ ልጆቻቸውን ወደ ግቢ ለላኩ ወላጆች

ክቡራን፣

የፍሬሽማን ዓመት (የጋራ ኮርሶች የሚሰጡበት የመጀመሪያ ዓመት) በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ አዲስ ገቢ ተማሪ ሁሉ ትምህርት ክፍል ከመምረጡ በፊት ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊና ታሪክ፣ ሒሳብ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ሥነ ምግባርና ሥነ ዜጋ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂና የመሳሰሉትን ይወስዳል። ኮርሶቹ ማንንም ሐኪም ወይም መሐንዲስ አያደርጉም፤ ለዚያ ተብለውም አልተቀረጹም። የታሰበው የትኛውም ሙያ ውስጥ ቢገባ ማስረጃ የሚመዝን፣ ሐሳቡን በጽሑፍ የሚያስረዳ፣ ቁጥር የማያስፈራው ሰው እንዲወጣ ነው።

ወጥቷል ወይ? ይህ ሲጠየቅ የሚቀርበው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሬጅስትራር የተገለበጠ ነው፦ ይህን ያህል ተመዘገበ፣ ይህን ያህል አለፈ፣ አማካይ ግሬዱ ይህ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም እዚህ ላይ አይረዳንም፤ የሚመዝነው የትምህርት ክፍሉን ዋና ዋና ኮርሶች ነው። ስለዚህ ከዲግሪው አንድ ዓመት የሚያህለው የጋራ ትምህርት ምን እንዳስገኘ የሚናገር ማስረጃ በቋሚነት የሚሰበሰብበት መንገድ የለም። ይህ ደብዳቤ መንገዱን ለማመልከት የተጻፈ ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ወረቀት፣ ፖስታ፣ አሥራ ሁለት አንባቢና ሁለት ቀን ነው።

ግሬድ ለምን አይበቃም? አንድ «ቢ» ውስጥ ያለውን እንዘርዝረው። የአቴንዳንስ ነጥብ አለ። ከአምስት ልጆች አንዱ ሠርቶት አምስቱም ስማቸውን የጻፉበት ግሩፕ ወርክ አለ። ሚድና ፋይናል አለ፤ ክፍሉ ትልቅ፣ መምህሩ አንድ ስለሆነ በአብዛኛው ምርጫ ነው። ምርጫውም ከሞጁሉ ዓረፍተ ነገር እየተነቀለ የሚዘጋጅ ስለሆነ ሸምዳጁን ከአሳቢው አይለይም። «ከሚከተሉት ውስጥ የሬለቫንስ ፋላሲ የሆነው የቱ ነው?» (ፋላሲ የተሳሳተ የሙግት አካሄድ ነው) ለሚለው በትክክል «ሐ» ያለ ተማሪ፣ ከፈተና ወጥቶ «ጎረቤቴ ይህን ጠጥቶ ድኗል፣ አንተም ጠጣ» ሲባል ምን እንደጎደለ ላያይ ይችላል። ግሬዱ ሁለቱን ነገሮች በአንድ ፊደል ጠቅልሎ ያስቀምጣቸዋል። ግሬድ ሐሰት ነው ማለታችን አይደለም። የተሠራው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ተማሪው ይለፍ አይለፍ ለማለት።

የምንጠይቀው ይህ ነው። የፍሬሽማን ተማሪ ሁሉ አንድ ዓይነት የጽሑፍ ሥራ ዓመቱ ሲጀመር አንድ ጊዜ፣ ሲያልቅ ሌላ ጊዜ ክፍል ውስጥ በእጁ ይጻፍ፤ ከተጻፈውም በዕጣ የወጡት ወረቀቶች ብቻ የአስተማሪያቸው እጅ ባልገባበት ቡድን ይነበቡ።

ክፍል ውስጥና በእጅ የምንልበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቤት የተሰጠ አሳይመንት ዛሬ የሚመዝነው የቻትጂፒቲን ችሎታ ነው፤ ከዚያ በፊትም ቢሆን ከግቢ በር ላይ ከፎቶ ኮፒ ቤት ተገዝቶ ይመጣ ነበር። ሃምሳ ደቂቃ፣ አንድ ገጽ ጥያቄ፣ ሁለት ገጽ ባዶ ወረቀት ይበቃል።

ጥያቄው ምን ይመስላል? አንዱን እነሆ። ታሪኩ ለፈተና የተፈጠረ ነው፦

«በአንድ የሐይቅ ዳር ቀበሌ እምቦጭ የሚያጭድ ማሽን በጥቅምት ገባ። በጥር ሲለካ አረሙ የሸፈነው ቦታ በግማሽ ቀንሶ ተገኘ። ስለዚህ ማሽኑ ስለሚሠራ ለሌሎቹም ቀበሌዎች ይገዛ። በዚህ ሐሳብ ትስማማለህ ወይስ አትስማማም? ምክንያትህን ጻፍ። ለመወሰን ሌላ ምን ማወቅ ያስፈልግሃል?»

የመመዘኛ ሠንጠረዡ፣ ማለትም ሩብሪኩ፣ «በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ» የሚል ከሆነ ከንቱ ነው፤ እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን «ጥሩ» ይዞ ይመጣል። በወረቀቱ ላይ በዓይን የሚታየው ነገር መጻፍ አለበት። «ማስረጃን መመዘን» የሚለውን መስፈርት ብቻ እንውሰድ። ደረጃ 1፦ ተማሪው አቋሙን ብቻ ተናግሯል («ማሽን ዘመናዊ ስለሆነ ይገዛ»)። ደረጃ 2፦ ተጠራጥሯል፣ ግን ለምን እንደሆነ ከታሪኩ ጋር አላያያዘም። ደረጃ 3፦ ቢያንስ አንድ ሌላ ምክንያት ጠቅሶ አረሙን እንዴት ሊቀንሰው እንደሚችል አስረድቷል፤ ነፋስ አረሙን ወደ ሌላ ዳርቻ ይገፋዋል፣ ከጥቅምት በኋላ የሐይቁ ውኃ እየወረደ ይሄዳል፣ ወይም ገበሬው በዚያው ሰሞን በእጁ እየነቀለ ነበር። ደረጃ 4፦ ምክንያቶቹን የሚለይ ንጽጽር አቅርቧል፦ ማሽን ያልገባበት ጎረቤት ቀበሌ በእነዚያው ወራት ምን ያህል ቀነሰ? ልኬቱስ በሁለቱም ጊዜ በአንድ መንገድ ነው ወይ የተካሄደው?

እዚህ ላይ አንባቢዎችን ዘወትር የሚያጣላ አንድ ወረቀት አለ። ተማሪው በእንግሊዝኛ እንዲህ ብሎ ይጽፋል እንበል፦ «ይህ የፎልስ ኮዝ ፋላሲ ነው። አንድ ነገር ከሌላው በኋላ ስለመጣ ብቻ ምክንያቱ ነው ሊባል አይችልም።» እንግሊዝኛው ንጹሕ ነው፣ ስሙም ትክክል ነው። የሎጂክ መምህር ሙሉ ነጥብ ይሰጠዋል። በዚህ ሩብሪክ ግን ደረጃ 2 ነው፤ ስም አወጣለት እንጂ በዚህ ሐይቅ፣ በዚህ አረም ላይ ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል አንድም ቃል አልተናገረም። ቀጥሎ ያለው ወረቀት ግን በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ነፋስ ከነፈሰ ወደ ጎረቤት ሄዶ ይሆናል፣ እዚያ ሄዳችሁ እዩ» ካለ፣ ይህ ልጅ የፋላሲውን ስም ባያውቅም ደረጃ 3ን አልፎ ወደ 4 እየተጠጋ ነው። የጋራ ኮርሶቹ ከሁለቱ የትኛውን እያፈሩ እንደሆነ የሚነግረን ሌላ ምንም ወረቀት የለንም።

የቋንቋው ነገር ብቻውን ደብዳቤ ያስጽፋል። ቋንቋ በሩብሪኩ ውስጥ የራሱ ረድፍ ይኑረው፤ የማሰቡን ረድፍ እንዳይነካ አንባቢው አስቀድሞ ይነገረው። በተጨማሪ የምንመክረው ሙከራ አለ፦ በአንድ ዓመት ብቻ ከሴክሽኖቹ (ከመማሪያ ክፍሎቹ) ግማሹ በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲመልሱ፣ ግማሹ በመረጡት ቋንቋ እንዲመልሱ ይደረግ፤ የትኛው ሴክሽን ወዴት እንደሚሆን በዕጣ ይወሰን። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ማሰብ ደካማ ነው ስንል የቆየነው የቋንቋ ድካም ነበር ማለት ነው። «በመረጡት ቋንቋ» ማለት ግን አማርኛ ማለት ብቻ እንዳይመስል። ጣና ዳር ወዳለ ግቢ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ተማሪ ይመጣል፤ በእነዚህ የሚያነብ ሁለት ሁለት አንባቢ ካልተገኘ ሙከራው ባይጀመር ይሻላል።

ለሒሳብም እንዲሁ። ምርጫ ጥያቄ ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም፤ የተሳሳቱት መልሶች የተሳሳተውን አስተሳሰብ እንዲያሳዩ ተደርገው ከተቀመጡ እንዲያውም ከጽሑፍ ይፈጥናል። «10 ሄክታር የሸፈነ አረም በየ14 ቀኑ እጥፍ የሚሆን ቢሆን ከ70 ቀን በኋላ ስንት ይሆናል?» መልሱ 320 ነው። 60 ያለው በየጊዜው 10 እየደመረ ነው። 100 ያለው ሁለትን በአምስት አባዝቷል። 160 ያለው ገብቶታል፣ አንድ ዙር ግን ዘንግቷል። ሦስቱ ስሕተቶች ሦስት የተለያየ ትምህርት ይፈልጋሉ፤ ሦስቱም ግን በግሬድ ላይ አንድ ዜሮ ናቸው። ከዚያ በጽሑፍ የሚመለስ ተከታይ ይምጣ፦ የጣና ስፋት ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ወይም 300,000 ሄክታር ነው፤ በዚህ ስሌት ሐይቁ ሙሉ በሙሉ የሚሸፈነው በ15 ዙር፣ ማለትም በ210 ቀን ነው። አልተሸፈነም። ታዲያ ስሌቱ ምን ዘነጋ? ተማሪው እዚህ ላይ ስለ ነፋስና ማዕበል፣ ስለ ጥልቀት፣ አረሙ ስለሚመገበው ደለልና ማዳበሪያ፣ ስለ ነቀላው ካነሣ፣ ቀመር የራሱ ወሰን እንዳለው ገብቶታል።

አሁን ወደ አሠራሩ። 4,000 ፍሬሽማን አለ ብለን እናስላ። ሥራውን ሁሉም ይጻፍ፣ ተመራጮቹ እነማን እንደሆኑ ግን ወረቀቱ ከተሰበሰበ በኋላ ይታወቅ፤ አለዚያ ተመራጩ ተለይቶ ይሠለጥናል። ከሬጅስትራር ዝርዝር ላይ ከ1 እስከ 26 ካሉት ቁጥሮች በዕጣ አንዱ ይወሰድና ከዚያ ጀምሮ በየ26ኛው ስም ይመረጥ። 153 ወይም 154 ተማሪ ይወጣል። በግማሽ ዓመት የሚያቋርጥ ስለሚኖር በሁለቱም ጊዜ የጻፈው ወደ 120 ቢወርድ እንኳ የምናገኘው መቶኛ የሁሉም ተማሪ ወረቀት ቢነበብ ከሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይም ወደ ታችም ከ9 ነጥብ ብዙም አይርቅም። ለዩኒቨርሲቲው አጠቃላይ ውሳኔ ይበቃል። በሬሜዲያል (በማካካሻ ትምህርት) አልፈው የመጡትን ለብቻ ለማየት ግን አይበቃም፤ ከእነርሱ 30 ብቻ ቢገኙ ስሕተቱ ወደ 18 ነጥብ ያድጋል። ለብቻ መታየት ካለባቸው ለብቻ ይጨመሩ። ከ30 ወረቀት ተነሥቶ «ሬሜዲያሎች እንዲህ ናቸው» የሚል ሪፖርት ሲጻፍ ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው።

ሁለት ጥያቄ ያስፈልጋል። አንዱ የእምቦጩ ይሁን፤ ሌላው በአሠራር የሚመሳሰለው፣ ለምሳሌ «ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት መከፈት ጀመረ፣ የተማሪው ውጤት ጨመረ» የሚል። በመጀመሪያው ዙር ግማሾቹ ሴክሽኖች እምቦጩን፣ ግማሾቹ ቤተ መጻሕፍቱን ይጻፉ፤ በሁለተኛው ይለዋወጡ። ይህ ካልተደረገ ሁለተኛው ጥያቄ ቀለል ያለ ሆኖ ቢገኝ የጥያቄውን ቅለት ለተማሪው ዕድገት እንቆጥረዋለን። ነጥቡም በሁለቱም ዙር እኩል ይሁን፣ ሦስት ሦስት እንበል፤ ሲጀመር ያለ ነጥብ፣ ሲያልቅ በነጥብ ከሆነ የምንለካው ጥረትን ይሆናል። ነጥብ የሌለው ወረቀት ላይ ተማሪ ሁለት መስመር ጽፎ ወደ ካፌ እንደሚሄድ የማያውቅ ያለ አይመስለንም።

ንባቡ ላይ ብዙው ነገር የሚበላሸው በጠዋቱ ነው። አንባቢዎቹ ተሰብስበው ሳይለማመዱ በቀጥታ ወረቀት ይታደላቸዋል፤ ከዚያ አንዱ ጨካኝ፣ አንዱ ቸር ይሆናል። ከንባቡ በፊት ግማሽ ቀን ይያዝ። ስድስት ወረቀት ተመርጦ ይባዛ፤ ሁለቱ በጋራ ጮክ ተብሎ ይነበቡ፣ አራቱን እያንዳንዱ ለብቻው ይመዝንና ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። የተለያዩበት ላይ ክርክሩ «እኔ እንዲህ ይሰማኛል» በሚል አይሁን፤ ሁሉም ጣቱን በሩብሪኩ ቃልና በወረቀቱ መስመር ላይ ያሳርፍ። ያ የፋላሲ ወረቀት ከስድስቱ አንዱ ቢሆን ጥሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ስምና መታወቂያ ቁጥር ተሸፍኖ ኮድ ይሰጥ፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዙር ወረቀት ይቀላቀል፣ ቀን አይታይ። አንባቢው «ይህ የሰኔ ነው» ብሎ ካወቀ እጁ ሳያስበው ይቸራል። ማንም የራሱን ሴክሽን አያንብብ። እያንዳንዱን ወረቀት ሁለት ሰው ያንብበው፤ በሁለት ደረጃና ከዚያ በላይ ከተለያዩ ሦስተኛ ይጨመር። 153 ተማሪ በሁለት ዙር 306 ወረቀት፣ በሁለት አንባቢ 612 ንባብ ነው። ለአንዱ 8 ደቂቃ ብንል ወደ 82 ሰዓት፤ ለአሥራ ሁለት ሰው ሲካፈል ከሰባት ሰዓት አይበልጥም። አንድ ቀን ንባብ፣ ግማሽ ቀን ልምምድ፣ ግማሽ ቀን ሦስተኛ ንባብና ቆጠራ። ከሁለት ሰዓት ንባብ በኋላ ቡና ይቅረብ፤ ይህ ቀልድ አይደለም፣ የደከመ አንባቢ ሁሉንም 2 ይሰጣል።

ስለዚያ «ሁሉም 2» አንድ ማስጠንቀቂያ። «አንባቢዎቻችን 75 በመቶ ተስማሙ» ሲባል አትደሰቱ። ሁለቱም አንባቢዎች ከወረቀቱ 70 በመቶ ለሚሆነው 2 የመስጠት ልማድ ካላቸው፣ ወረቀቱን ሳይገልጡ እንኳ 49 በመቶ በአጋጣሚ 2 ላይ ይገናኛሉ። ካፓ የሚባለው ስሌት ይህን ዕድል ቀንሶ ያሳያል፤ ስታቲስቲክስ የሚያስተምር ማንኛውም ባልደረባ በኤክሴል ይሠራዋል።

ያሉትን ምርጫ ፈተናዎች በተመለከተ፣ ሳይጣሉ የሚሻሻሉበት ርካሽ መንገድ አለ። በአንድ የጋራ ፈተና 1,000 ተማሪ ቢፈተን ከላይ 270ውን፣ ከታች 270ውን ለዩ። አንድን ጥያቄ ከላይኞቹ 200፣ ከታችኞቹ 80 ከመለሱት ልዩነቱ 120 ሲካፈል ለ270፣ ወደ 0.44 ነው፤ ጥያቄው ይሠራል። ከላይኞቹ 90፣ ከታችኞቹ 140 ከመለሱት ግን ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይወርዳል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ የመልስ ቁልፉ ተሳስቷል፣ ወይም ጎበዙ ተማሪ መምህሩ ያላየውን ሁለተኛ ትርጉም አይቷል። እንዲህ ያለ ጥያቄ በየዓመቱ ከፋይል እየወጣ ሲታተም የሚጎዳው የሚያስበው ልጅ ነው።

እንግዲህ ከሁሉ ይበልጥ ወደሚያስፈራን ነጥብ እንምጣ። ሪፖርቱ ተጠርዞ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ ለጥራት ማረጋገጫ ቢሮ ገቢ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። (ለዚህ ተረት ከጣና ዳር የተሻለ ቦታ አይገኝም።) ስለዚህ ንባቡ ከመጀመሩ በፊት፣ ቁጥሩ ምን ሲሆን ምን እንደሚወሰን በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ምሳሌ፦ በዓመቱ መጨረሻ ደረጃ 3ና ከዚያ በላይ የደረሰው ከሲሶ በታች ከሆነ፣ በሎጂክ ኮርስ የፋላሲ ስም ዝርዝር የሚሸፈንበት ሳምንት ተቀንሶ ለጽሑፍ ልምምድ ይሰጥ፣ ከፋይናሉም 15 ነጥብ ወደ ክፍል ውስጥ ጽሑፍ ይዛወር። ሲሶውን ወደ ሩብ ወይም ወደ ግማሽ ማድረግ የእናንተ ፈንታ ነው። ውጤቱ ከታየ በኋላ ግን መስመሩ አይንቀሳቀስ።

ሁለተኛው ስጋት ውጤቱ ለመምህር መቅጫ መዋሉ ነው። የአንድ ሴክሽን ተመራጭ ሁለት ወይም ሦስት ተማሪ ነው፤ በሦስት ወረቀት የመምህር ብቃት አይለካም። መምህሩ ይህን ከጠረጠረ ደግሞ በሁለተኛው ዓመት ሩብሪኩን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ያስሸመድዳል፤ መለኪያውም በዚያው ቀን ሞተ። የሴክሽን ቁጥር በሪፖርቱ ውስጥ ጭራሽ እንዳይገባ እንጠይቃለን።

ወረቀቶቹ አይቃጠሉ። ኮድ እንደያዙ በፖስታ ታሽገው ይቀመጡ፤ እነዚያው ተማሪዎች የመመረቂያ ዓመታቸው ላይ አንድ ጊዜ ደግመው ይጻፉ። አራተኛ ዓመት የደረሰውን ከፍሬሽማኑ ሁሉ ጋር ማነጻጸር ያታልላል፤ ያቋረጠውና የተባረረው ከቁጥሩ ስለወጣ ብቻ አማካዩ ከፍ ይላል። ንጽጽሩ የሚያምረው የዚያው ልጅ የፍሬሽማን ወረቀት አጠገቡ ሲቀመጥ ነው።

በባሕር ዳር የመምህራን ትምህርት አዲስ ነገር አይደለም፤ የፔዳጎጂ አካዳሚው እዚህ ሥራ የጀመረው በ1960ዎቹ ዓ.ም. ነው። ፈተና ማዘጋጀትና መመዘን ሙያቸው የሆነ ሰዎች በከተማው አሉ፤ አንባቢ ፍለጋ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም።

ከእናንተ የምንጠብቀው አራት ነገር ነው፦ የመጀመሪያው ዙር የሚጻፍበት ሳምንት በአካዳሚክ ካሌንደሩ ላይ እንዲገባ፣ አሥራ ሁለቱ አንባቢዎች ለሁለት ቀን ከማስተማር ነጻ ሆነው አበል እንዲታሰብላቸው፣ ሬጅስትራሩ የስም ዝርዝሩን በወቅቱ እንዲሰጥ፣ የፖስታዎቹ ካዝና ቁልፍም ከአስተባባሪው ሌላ ሰው እጅ እንዲሆን። ሩብሪኩንና ሁለቱን ጥያቄዎች እኛ አዘጋጅተን እናቀርባለን። ምዝገባ ከተጀመረ በኋላ የሚመጣ ፈቃድ የመጀመሪያውን ዙር ያሳልፈዋል፤ የመጀመሪያው ዙር ካለፈ ደግሞ ሁለተኛው የሚነጻጸርበት አይኖረውም።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣

የጋራ ኮርስ የምናስተምርና ፈተና የምናዘጋጅ መምህራን
ባሕር ዳር